የአሥራ ዘጠነኛዋ ቀን ነጥብ

ሶኮሮ። የሐምሌ ሌሊት፣ ስምንት ሰዓት።
ቢሮው ሙቀት ይዞ፣ ማራገቢያው ታክቶት፣
እኔና ኮምፒውተሬ ፊት ለፊት ተፋጠን፤
ሰባት ቢሊዮን ዓመት የተጓዘ ብርሃን
በሃያ ሁለት ነጥብ ተለቅሞ፣ ተመጥኖ፣
ስክሪኑ ላይ አለ፣ የትንኝ ዱካ ሆኖ።

ሳተላይቷ ያየችው ዐርባ ሰከንድ ብቻ፤
ጋማው ቦግ አለና (የኮከብ መሞቻ)
ጠፋ።
እኛ የያዝነው ግን ቦግታውን አይደል፤
ከዚያ ወዲህ ያለ፣ ቀስ እያለ የሚጎድል፣
ፍሙ ከተዳፈነ አመዱ ሲያወራ፣
ያ ወጋገን ነው የኛ ሥራ።

አከራዬ ኦርቴንሲያ ሥራዬን ብትጠይቅ
«ለቅሶ ደራሽ ነኝ» አልኳት፣ እሷም ከት ብላ ስትስቅ፤
«ቀብሩ ያመለጠው፣ ሟቹን የማያውቅ፣
ከድንኳኑ ስፋት፣ ከአልቃሹ ብዛት
የሟቹን ቁመት ልክ ሊገምት የሚዳዳ፣
እንዲያ ያለ እንግዳ።»

ሞዴሉ እንዲህ ይላል፦
ኮከብ ሲደረመስ በገዛ ክብደቱ
እንደ ቀስት ፍላጻ ይወጣል ጉልበቱ፤
መንገዱ ጠባብ ነው፣ ከብርሃን ፍጥነት ለጥቂት የቀረው፣
ትይዩ የቆመ ብቻ ነው የሚያየው።
በዙሪያው ያለውን ስስ ጋዝ እየገፋ፣
እንደ ደራሽ ውኃ ተሸክሞ አረፋ፣
ኤሌክትሮን ሲያሾር በማግኔት ገመድ
ያ ነው የሚበራው፣ እስኪደክም፣ እስኪበርድ።

ችግሩ፦
ጉልበቱን አበዛሁ፣ ማግኔቱን አላላሁ፤
ያንኑ ኩርባ አገኘሁ።
ጉልበቱን ቀነስኩት፣ ገመዱን አጠበቅሁት፤
ያው ኩርባ፣ ያው ልኬት።
አንድ ጥላ፣ ሁለት ዛፍ፤
የቱን ትቼ የቱን ልጻፍ?

ይህም ይሁን። ሃያ አንዱ ነጥብ ኩርባው ላይ አርፈዋል፣
ሽቦ ላይ እንዳሉ ወፎች ተኮልኩለዋል።
የአሥራ ዘጠነኛው ቀን፣ እሷ ብቻ፣ አንዲቷ፣
ከሁሉም በላይ ናት፤ ጎላ ብሏል ፊቷ።
ሰርዣት ብተኛስ? አንዲት ናት። ማን ያያል?
አማካሪዬ ዊንተን «ሁከት ነው» ብሎኛል፤
«ነፋስ ነው፣ እርጥበት ነው፣ ሳህኑ ተዛብቶ ይሆናል።»

ወደ ሜዳው ደወልኩ። ኤሉቴሪዮ ነበር
የዚያን ሌሊት ተረኛ። ከአንቴናዎቹ ሥር
ሃያ ዓመት የኖረ፤ ድምፁ አቧራ ያዘለ።
«ቆይ» አለኝ፣ ዝም አለ።
የመዝገቡ ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ።
«ነፋስ አልነበረም። በደንብ አስታውሳለሁ።
ላሞቹ ዘጠነኛው ሳህን ሥር ተኝተው ነበር፤
ነፋስ ካለ ላም እዚያ አትተኛም። ሌላም ነገር
ልንገርህ? ሰማዩ ጥርት ያለ ነበረ፤
በዳቲል በኩል የሚመጣ የመኪና መብራት
ሩብ ሰዓት ሙሉ ከዓይኔ አልተሰወረ።»

ላም ምስክር ቆመች፤ ሞዴሌ ወደቀ።
የሦስት ሳምንት ድካም በአንድ ሌሊት አለቀ።
እንደገና ጀመርኩ።
ምናልባት ፍላጻው አንድ አይደል፣ ሁለት ነው፤
ምናልባት ዘግይቶ የመጣ ጉልበት ነው፣
የፊተኛውን ከኋላ ደርሶ የገፈተረው።
ምናልባት...
ምናልባትን በቁጥር መጻፍ ነው እንጀራዬ፤
ከእያንዳንዱ ነጥብ በታችና በላይ
የጥርጣሬዬን ርዝመት በመስመር አሳያለሁ፣
«ከዚህ እስከዚህ ድረስ ልሳሳት እችላለሁ።»

ኅዳር ላይ እንደገና አየን፤ ምንም የለም።
ሰማዩ ሁከት ብቻ፣ ጭላንጭል እንኳ የለም።
እንዲህ ሲሆን እኛ «ጠፋ» ብለን አንጽፍም፤
ቁልቁል የሚያይ ቀስት እንስልና
«ካለ ከዚህ በታች ነው» እንላለን፣
እንተዋለን።

ኦርቴንሲያ ወረቀቱን ኩሽና ጠረጴዛ ላይ አገኘችው፤
መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሰቅላ፣ አስጠግታ አየችው።
«ይሄ ቀስት ምንድን ነው? የሟቹ መቃብር?»
«አይደለም፤ የዓይኔ ዳርቻ ነው።»
ጣቷን ወደ ላይ ወሰደች፣ ከኩርባው ውጪ ወዳለችው።
«ይቺስ?»
«እሷ» አልኩ፣
«ላሞቹ የተኙባት ሌሊት ናት።»